የሲንጀር መኪና፣ የገና ዘፈንና የኤልቪስ ሸክላ

በኖቬምበር 1968 አርሲኤ የተባለው የሸክላ ኩባንያ አንድ የኤልቪስ ፕሪስሊ አልበም ገበያ ላይ አዋለ። (ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ዘፈኖቹ የተወሰዱት ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ዲሴምበር 3 ማታ ካስተላለፈው የአንድ ሰዓት ልዩ ዝግጅት ነው። ልብ በሉ፤ ሸክላው ከዝግጅቱ ቀድሞ ነው ሱቅ የገባው። ሕዝቡ ገና ያላየውን ነገር በጆሮው ቀድሞ ገዛ።

ነገሩ ከላይ ሲያዩት ቀላል ነው። ዘፋኙ ቴሌቪዥን ላይ ይዘፍናል፣ ድምፁ ሸክላ ላይ ይታተማል፣ አለቀ። እዚህ ጋ ግን እያንዳንዱ ዘፈን ሲገባም ሲቀርም ከጀርባው የሚጎትት ሰው ነበር። ማኔጀሩ፣ ስፖንሰሩ፣ ጣቢያውና ዳይሬክተሩ የየራሳቸው ፍላጎት ነበራቸው። ከአሁኑ ልናገርና፣ አልበሙ ግሩም ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የቀረው ደግሞ መጥፎ ስለነበረ አይደለም። የቴሌቪዥን ሰዓት ስላልበቃው ነው።

ኤልቪስ ያኔ 33 ዓመቱ ነው። በ1950ዎቹ አሜሪካን ያንቀጠቀጠው ልጅ በ60ዎቹ የሆሊውድ ተቀጣሪ ሆኖ ነበር። በዓመት ሁለት ሦስት ፊልም ይሠራል። ፊልሞቹ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ፤ አብረዋቸው የሚወጡት አልበሞችም እንዲሁ። በ1968 አጋማሽ የወጣው የ«ስፒድዌይ» ፊልም አልበም ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት ሰንጠረዥ ከ82ኛ በላይ መውጣት አቃተው። በአሜሪካ አንደኛ የወጣለት የመጨረሻ ነጠላ ዜማ የ1962 ነው። ቲኬት በገዛ ሕዝብ ፊት ከዘፈነ ደግሞ ሰባት ዓመት አልፎታል። የመጨረሻው መጋቢት 1961 ሃዋይ፣ ፐርል ሃርበር ላይ የቀረበው የዕርዳታ ማሰባሰቢያ ኮንሰርት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የአገር ቤት ነገር ጣል ላድርግ። በእነዚያው ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ የኤልቪስ ፊልም ቀልድ አልነበረም። ዓለማየሁ እሸቴ የጸጉሩን አበጣጠርና የመድረክ አቋሙን ከዚያው ስክሪን ላይ ነው የቀዳው። «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» የሚለው ስም እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም። እኛ ዘንድ ዘፋኝ የወለዱት ፊልሞች እዚያ ዘፋኙን እየገደሉት ነበር።

የኮሎኔሉ ሂሳብ

ማኔጀሩ ቶም ፓርከር ነው። ሁሉም «ኮሎኔል» ይለዋል። ማዕረጉ የሉዊዚያና ገዥ በክብር የሰጠው እንጂ ከጦር ሜዳ የመጣ አይደለም። ፓርከር ከኤንቢሲ ጋር ተደራድሮ አንድ ፊልምና አንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት በአንድ ጥቅል ሸጠ። ዝግጅቱ ለገና ሊሆን ነው። በእሱ ሐሳብ ኤልቪስ ይወጣል፣ እንደምን አመሻችሁ ይላል፣ የገና ዘፈኖችን ይደረድራል፣ መልካም ገና ብሎ ይወርዳል።

ብዙ ጸሐፊዎች ፓርከርን በዚህ ያሾፉበታል። እኔ አላሾፍበትም፤ ሂሳቡ የጤነኛ ነጋዴ ሂሳብ ነበር። ኤልቪስ በ1957 ያወጣው የገና አልበም በዓሉ በመጣ ቁጥር ይሸጥ ነበር። የገና ዘፈን አያረጅም፤ በየዓመቱ ከመደርደሪያ ይወርዳል። በዚያ ላይ ኤንቢሲ የአርሲኤ ንብረት ነው። ጣቢያው ዝግጅቱን ያስተላልፋል፣ እናት ኩባንያው ሸክላውን ይሸጣል፣ ገንዘቡ ከቤት አይወጣም። ፓርከር ያልገባው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ኤልቪስ ራሱ ሰልችቶት ነበር።

ስፖንሰሩ ሲንጀር ነው። አዎ፣ ያው የልብስ ስፌት መኪናው ሲንጀር። መርካቶ ውስጥ አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሎ የሚሰፋ ሰው ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ስፖንሰር ማለት መሀል ላይ ማስታወቂያ የሚያስገባ ብቻ አይደለም፤ ስሙ ከዝግጅቱ ስም ይቀድማል። የዚህኛውም ሙሉ ስም «ሲንጀር ኤልቪስን ያቀርባል» የሚል ነበር። ዛሬ ሁሉም የሚጠራበት «የመመለሻው ዝግጅት» የሚለው ስም ኋላ የተለጠፈ ነው።

ዳይሬክተሩ ለምን እሱ ሆነ?

የዝግጅቱ ዋና ፕሮዲዩሰር ቦብ ፊንከል ስቲቭ ባይንደርን መረጠ። ባይንደር ወጣት ነው፤ በ1964 የሮክና የሶል ዘፋኞችን በአንድ መድረክ ያሰለፈውን «ታሚ ሾው» የቀረጸው እሱ ነው። ከዚያ የበለጠ ግን የወራት ዕድሜ ያላት አንዲት ታሪክ ነበረችው።

በዚያው ዓመት ለኤንቢሲ የእንግሊዛዊቷን ዘፋኝ የፔቱላ ክላርክን ልዩ ዝግጅት ሠርቶ ነበር። እንግዳዋ ሃሪ ቤላፎንቴ ነው። አብረው ሲዘፍኑ ፔቱላ ክንዱን ያዝ አደረገችው። ነጭ ሴት፣ ጥቁር ወንድ፣ ዘመኑ 1968። ስፖንሰሩ ፕሊመዝ የተባለው መኪና ነው፤ የኩባንያው ሰው «ይሄማ አይተላለፍም፣ ሌላውን ቅጂ ተጠቀሙ» አለ። ፔቱላና ባይንደር ደግሞ ክንዷ የማይነካባቸውን ሌሎች ቅጂዎች በሙሉ አስጠፏቸው። ለስፖንሰሩ አማራጭ አልተረፈለትም። ዝግጅቱ ኤፕሪል 8 ቀን፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በአራተኛው ቀን፣ ክንዷ ክንዱ ላይ እንዳለ ተላለፈ።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው ከፓርከር ጋር አንድ ክፍል ያስገቡት።

ባይንደር ራሱ ደጋግሞ የሚያወራት አንዲት ነገር አለች። ቢሮው ሎስ አንጀለስ ሰንሴት ጎዳና ላይ ነው። ኤልቪስ መንገድ ላይ ብቅ ካለ ሕዝብ ይረግጠኛል ብሎ ያምናል። ባይንደር ይዞት ወረደ። ቆሙ። መኪናው ያልፋል፣ ወጣቱ ያልፋል፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ኤልቪስ መጀመሪያ ቀለል ብሎት ነበር፤ ቆይቶ ግን ይቆረቁረው ጀመር ይላል ባይንደር። ተራኪው ራሱ ባለጉዳይ ስለሆነ ትንሽ አጣፍጦት ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ «ስፒድዌይ» 82ኛ የቀረው በዚያው ሰሞን ነው፤ ቁጥሩም ያንኑ ነው የሚለው።

ፊንከል ጣቢያውንና ሲንጀርን አግባባ፤ ገናው ቀስ እያለ ከዝግጅቱ ወጣ። ፓርከር የያዛት የመጨረሻ ቦታ መጨረሻው ነበር። መዝጊያው ላይ የገና ዘፈን ይኑር አለ።

የመዝጊያዋ ነገር ብዙ ተወርቶላታል፤ ይገባታልም። ልምምዱ የተጀመረው ጁን ላይ ነው። ጁን 5 ሮበርት ኬኔዲ እዚያው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተተኮሰበት፣ በማግስቱ ሞተ። ኪንግ የተገደለው ደግሞ ሜምፊስ፣ በኤልቪስ ከተማ ነው። ባይንደር የድምፅ ቅንብሩን የሚሠራውን ደብሊው አርል ብራውንን «የሚሰማህን ጽፈህ አምጣልኝ» አለው። ብራውን በአንድ ሌሊት «ኢፍ አይ ካን ድሪም»ን ይዞ መጣ። ግጥሙ ውስጥ የኪንግ ሕልም በግልጽ ይሰማል። ፓርከር አልፈልግም አለ። ኤልቪስ ዘፈኑን ደጋግሞ አስጫወተና «እዘፍነዋለሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ ክርክር አልነበረም። ፓርከር ለዓመታት ሲወስንለት የኖረ ሰው ነው፤ ኤልቪስ አንድ ጊዜ ቆርጦ ከተናገረ ግን የሚያደርገው ነገር አልነበረውም።

የመልበሻ ክፍሉ

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ልምምዱ ኤንቢሲ በርባንክ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ኤልቪስ ማታ ማታ ወደ ቤት አይሄድም፤ እዚያው መልበሻ ክፍል ያድራል። ጊታር ይዘው ከጓደኞቹ ጋር ያንጎራጉራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ የድሮ ብሉዝ ይጫወታሉ። ባይንደር ይህን ሰማና አበደ። ከደናሾቹም ከኦርኬስትራውም በልጦ ዋናው ዝግጅት ያ ነው አለ። ካሜራ ወደ ክፍሉ ላስገባ ብሎ ጠየቀ፤ ፓርከር እምቢ አለ። ባይንደር ካሜራውን ማስገባት ሲያቅተው ክፍሉን ራሱን አውጥቶ መድረክ ላይ አስቀመጠው።

የቦክስ መፋለሚያ የምትመስል አራት ማዕዘን መድረክ ተሠራች። ተመልካቹ በአራቱም በኩል ከብቧት ይቀመጣል። ኤልቪስ የልብስ ዲዛይነሩ ቢል ቤሉ የሠራለትን ጥቁር የቆዳ ልብስ ለብሶ መሀል ይቀመጣል። አጠገቡ ከ1950ዎቹ ጀምሮ አብረውት የነበሩት ጊታሪስቱ ስኮቲ ሙርና ድራመሩ ዲ.ጄ. ፎንታና አሉ። የቀድሞው ባሲስት ቢል ብላክ በ1965 ሞቷል። ድራም እንኳ አልነበረም፤ ፎንታና የሚመታው የጊታር ሳጥን ጀርባ ላይ ነው። ጁን 27 በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተቀረጸ፤ በ12 ሰዓትና በምሽቱ 2 ሰዓት።

ፓርከር የመግቢያ ቲኬቶቹን ለራሱ ይዞ በወጉ አላደላቸውም፤ ቡድኑ ወንበሩን ለመሙላት ሰው ለመነ። ኤልቪስ ደግሞ ሊወጣ ሲል ፍርሃት ያዘው። ሰባት ዓመት! ምን ብዬ ልናገር፣ ምን ልዝፈን አለ። ባይንደር «ካልሆነልህ ወጥተህ ሰላም ብለህ ተመለስ፤ ግን ውጣ» አለው።

ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ይታያል። ቆይቶ ከስኮቲ ላይ ኤሌክትሪክ ጊታሩን ተቀበለው። ያኔ ነገሩ ተለወጠ። የጂሚ ሪድን አንድ ብሉዝ ይጀምራል፣ ይተወዋል፣ ሌላ ይዘፍናል፣ ተመልሶ ያንኑ ይጀምራል። «ዋን ናይት» ላይ ደርሶ መቀመጥ አቃተው። ብድግ አለ፤ ጊታሩ ግን ትከሻ ላይ የሚያርፍ ማሰሪያ የለውም። አንድ እግሩን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ጊታሩን ጉልበቱ ላይ አስደገፈ። ማይክራፎኑ ታች ቀረ፤ ቻርሊ ሆጅ የተባለው ጓደኛው በእጁ አንስቶ ያዘለት። ይህን ልምምድ አድርጎ የሚያመጣው ሰው የለም። ስኮቲና ኤልቪስም ከዚያ በኋላ አብረው ተጫውተው አያውቁም።

ጁን 29 ደግሞ ከኦርኬስትራ ጋር ለብቻው ቆሞ፣ እንደገና ሁለት ጊዜ፣ ታዳሚ ፊት ዘፈነ። ከዚህ በፊት ከጁን 20 እስከ 23 ዌስተርን ሪከርደርስ ስቱዲዮ ውስጥ ትልልቆቹ የመድረክ ቁርጥራጮች ተቀርጸው ነበር። ጊታሩን አንግቶ ከቤት የወጣ ወጣት ታሪክ አለ፣ የመንፈሳዊ ዘፈኖች ስብስብ አለ፣ መዝጊያዋም አለች። ዳርሊን ላቭ ያለችበት «ብሎሶምስ» የተባለው የሴቶች ቡድን አብሮ ይዘፍናል።

መቀሱ

እጃቸው ላይ አራት የታዳሚ ፊት ቀረጻዎችና ከዚያ ሌላ ብዙ ነገር አለ። አየር ላይ ያለው ጊዜ አንድ ሰዓት ነው፤ የሲንጀር ማስታወቂያ ሲወጣለት 50 ደቂቃ ገደማ ይቀራል። በዚያ ላይ ወጣቱ የሴተኛ አዳሪዎች ቤት የሚገባበት አንድ ትዕይንት ነበር። ልብስ አውልቆ የሚያሳይ የለም፣ ዳንስ ነው። የቤት እመቤቶች በሚገዙት የስፌት መኪና ስም ግን አይተላለፍም ተባለና ወጣ። የትዕይንቱ ዘፈን «ሌት ዩርሰልፍ ጎ» አልበሙም ላይ የለም።

አልበሙ በቀጥታ ይህን ቅንጥብጣቢ ተከተለ። አርሲኤ ለሸክላው ብሎ ካሴቶቹን ከመጀመሪያው አንስቶ አላዳመጣቸውም፤ ቴሌቪዥኑ የመረጠውን ወሰደ። አንደኛው ገጽ በ«ትራብል» እና በ«ጊታር ማን» ይከፍታል፤ ሁለተኛው ገጽ በ«ኢፍ አይ ካን ድሪም» ይዘጋል። መሀል ላይ የኤልቪስ ወሬና ቀልድ ሳይቀር አለ። ስቴሪዮ በነገሠበት ዘመን በሞኖ ነው የወጣው፤ የቤት ቴሌቪዥን የሚሰማውም እንዲያ ነበር።

ያ መልበሻ ክፍል፣ ያ ሁለት ሙሉ ቀረጻ፣ አልበሙ ላይ ስንት ዘፈን አገኘ? አራት። «ሎዲ ሚስ ክሎዲ»፣ የጂሚ ሪዱ ብሉዝ፣ «ዋን ናይት» እና «ብሉ ክሪስማስ»። ለእኔ የዚህ ጉዳይ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የ1950ዎቹ ታላላቅ ዘፈኖቹ የተደረደሩበት ረጅሙ ቅንብር ከኦርኬስትራ ጋር ቆሞ ከዘፈነበት ቀረጻ የተወሰደ ነው። ጥሩ ነው፣ ግን አሳማሪው በዝቶበታል። ያው ሰው ከሁለት ቀን በፊት በአንድ ጊታርና በአንድ ሳጥን ከዚያ የበለጠ ሠርቶት ነበር።

«ብሉ ክሪስማስ»ን ልብ ብላችኋል? ፓርከር ሲጨቀጭቅ የኖረባት ገና በዚች አንድ ዘፈን ተረፈች። የ1957ቱ ቅጂ ከኋላ «ኡኡ» የሚሉ ዘፋኞች ያጀቡት ጣፋጭ ነገር ነው። የ1968ቱ ሻካራ ብሉዝ ነው፤ እኔ ከሁሉም ቅጂ እሱን እመርጣለሁ። ኮሎኔሉ ያለ ጣዕሙ ጥሩ ነገር አተረፈልን።

ሌላ አስቂኝ ነገርም አለ። በዚያው መኸር ሲንጀር በራሱ የስፌት መኪና መደብሮች ብቻ የሚሸጥ ሌላ የኤልቪስ አልበም ነበረው። አብዛኛው ከፊልም የተራረፈ ዘፈን ነው። ከመካከሉ ግን ከጁን 27ቱ ቀረጻ የተወሰደች «ታይገር ማን» አለች፤ ከዚያ ምሽት ኃይለኛዎቹ አንዷ። ዋናው አልበም ያላገኛትን ዘፈን ክርና መርፌ ሊገዛ የገባ ሰው አገኛት።

ውጤቱ

ዲሴምበር 3 ማታ በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን ከከፈተው አሜሪካዊ 42 ከመቶው ኤልቪስን ተመለከተ። የሳምንቱ አንደኛ ዝግጅት ሆነ። አልበሙ ስምንተኛ ደረጃ ድረስ ወጣ፤ ከ82 ወደ 8 በስድስት ወር ውስጥ። በነጠላ የወጣው «ኢፍ አይ ካን ድሪም» 12ኛ ሆነ። ኤልቪስ ጊዜ አላጠፋም። ጃንዋሪ 1969 ሜምፊስ ውስጥ የፕሮዲዩሰሩ የቺፕስ ሞማን ስቱዲዮ ገባ፤ ከዚያ ቀረጻ የወጣው «ሰስፒሸስ ማይንድስ» በዓመቱ መጨረሻ አንደኛ ሆነለት። ጁላይ 31 ቀን ላስ ቬጋስ ላይ ወደ ቋሚ መድረክ ተመለሰ።

ዝግጅቱ በ1969 ክረምት ሲደገም ወቅቱ የገና አልነበረምና «ብሉ ክሪስማስ» ተነሳች። በቦታዋ የገባችው «ታይገር ማን» ናት። አልበሙ ግን እንዳለ ቀረ።

ተቀምጠው የተጫወቱበት ቀረጻ ሙሉውን ለመታየት 1985ን ጠበቀ፤ ያኔ ኤችቢኦ የተባለው የኬብል ቴሌቪዥን የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አስተላለፈ። ኤልቪስ ከሞተ ከሰባት ዓመት በላይ ሆኖታል። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በ1998 «ታይገር ማን» በሚል ስም ለብቻው በሲዲ ወጣ። በ2008 ደግሞ ሁሉም በአራት ሲዲ ተጠቃሎ ቀረበ።

ልትሰሙት ካሰባችሁ ከ1998ቱ ጀምሩ። ቀጥላችሁ የ1968ቱን አልበም በሞኖው አዳምጡት፤ መቀሱ የት የት እንዳረፈ ያኔ ጆሯችሁ ራሱ ይነግራችኋል። የሲንጀሩን ሸክላ ግን ለሰብሳቢዎች ተዉላቸው። «ታይገር ማን»ን አንዴ ካገኛችኋት ሌላው ቢቀርባችሁ አይቆጭም።